የካርቲየ ሰባት አየር ኃይል

ለጀማሪዎች የምትሠራው የሪሞት ሄሊኮፕተር አርባ ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ አንድ ስንዝር የምትሞላ፣ በሦስት ደቃቅ ሞተሮችና በአንዲት ባትሪ የምትበር መጫወቻ ናት። ሳጥኗ ላይ ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው መሠራቷ ተጽፎ ይገኛል። በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ ሰባት፣ ይህ ማስጠንቀቂያ በጥብቅ ይከበራል፦ የምትገዛው ለስድስት ዓመት ልጅ ሲሆን የሚያበራት አርባ ዓመት የሞላው አባቱ ነው። ልጁ ሳጥኑ ይሰጠዋል። ሳጥኑም ቢሆን መስኮት ስላለው ደስ ይላል።

የሪሞት ሄሊኮፕተር ሁልጊዜ የጀማሪ ዕቃ አልነበረችም። ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ የተሳካላቸው የሪሞት ሄሊኮፕተሮች አንዱን ሲያበር፣ መሣሪያው ነዳጅ የሚጠጣ፣ ዋጋው የከበደ፣ ክንፉም ጣት የሚቆርጥ ነበር። ሥራውን ያቀለሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ቀላሉ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪና ሳንቲም በሚያህል ዋጋ የሚመረተው ትንሹ ሞተር። በ2006 የሆንግ ኮንጉ ሲልቨርሊት አሥር ግራም ገደማ የምትመዝነውን ፒኩ ዚን አወጣ። ከ2010 ገደማ ወዲህ ደግሞ ሲማ የተባለው የቻይና ኩባንያ ኤስ 107 የምትባለውን በብረት አካልና በጋይሮስኮፕ አቀረበ። ዛሬ በየሱቁ ያለችው የጀማሪ ሄሊኮፕተር ወይ ኤስ 107 ናት፣ ወይ የኤስ 107 ቅጂ ናት፣ ወይም የቅጂዋ ቅጂ ናት።

ዕቃው የሚመረተው በአብዛኛው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር በሻንቶ ከተማ ዙሪያ ነው። ከዚያ በኮንቴይነር ተጭኖ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል። ከኮንቴይነሩ የሚበዛው እጅ ከተማይቱን ሳያያት ወደ ኢትዮጵያ ይወጣል፤ ጥቂቱ ሱቅ ይገባል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ተመን ታስሮ ስለኖረ፣ ሃያ ዶላር የሚያወጣ መጫወቻ ጭነቱና ትርፉ ሳይታሰብ 3,550 ፍራንክ ገደማ ነው። ጭነቱና ትርፉ ሲታሰብ ስንት እንደሚሆን የሚወሰነው ሕፃኑ ሱቁ ውስጥ በሚያለቅሰው መጠን ነው።

የሄሊኮፕተር ዋናው ችግር መነሣት አይደለም፤ አለመሽከርከር ነው። ሞተሩ ክንፎቹን ወደ አንድ ጎን ሲያዞር አካሉ በተቃራኒው ልዙር ይላል። ኢጎር ሲኮርስኪ በ1939 ያበረራት ቪኤስ 300 ይህን የተወጣችው ጅራቷ ላይ ወደ ጎን በምትገፋ ፕሮፔለር ነበር፤ ዛሬም አብዛኞቹ ትልልቅ ሄሊኮፕተሮች በዚሁ ዘዴ ይበራሉ። የሩሲያው ካሞቭ ሌላ መንገድ መረጠ፦ ሁለት ጥንድ ክንፎችን አንዱን ከሌላው በላይ በአንድ ዘንግ ላይ ተክሎ በተቃራኒ አቅጣጫ ማሽከርከር። ባል ወደ ቀኝ፣ ሚስት ወደ ግራ እኩል ሲጎትቱ ቤቱ ቀጥ ብሎ እንደሚቆመው ሁሉ፣ አካሏ ባለበት ይረጋል። የጀማሪዋ ሄሊኮፕተር የካሞቭን መንገድ ትከተላለች። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መዞር ስትፈልግ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ጥቂት ይፈጥናል፣ ሌላው ጥቂት ይዘገያል፤ አካሏም ካሸነፈው በተቃራኒ ይዞራል።

ከላይኛው ክንፍ በላይ በሁለት ጫፉ ትናንሽ ክብደት የያዘ ዘንግ አለ። ሲያዩት ጌጥ ይመስላል፤ ሲሰበር ግን ሄሊኮፕተሯ የሰከረች ትሆናለች። እየተሽከረከረ ያለ ክብደት አቅጣጫውን በቀላሉ ስለማይለውጥ፣ አካሏ ሲዘም ዘንጉ ሳይዘም ይቀርና የላይኛውን ክንፍ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አሜሪካዊው አርተር ያንግ በ1940ዎቹ ለቤል 47 ያዘጋጀው ማረጋጊያ በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። ጋይሮስኮፑ ደግሞ አካሏ ሳይታዘዝ ሲዞር ያውቅና ሁለቱን ሞተሮች ያስታርቃል። በዘንጉና በጋይሮስኮፑ ምክንያት ከሥራው የሚበዛውን ሄሊኮፕተሯ ራሷ ትሠራዋለች። ከሰው የሚጠበቀው ሥራዋን አለማበላሸት ብቻ ነው፤ ትምህርቱ ረጅም የሚሆነውም በዚህ ነው።

ጅራቷ ላይ ያለችው ትንሽ ፕሮፔለር የተጋደመች ናት። ወደ አንድ ጎን ስትዞር ጅራቱን ታነሣለች፤ አፍንጫው ያቀረቅርና ሄሊኮፕተሯ ወደ ፊት ትሄዳለች። በተቃራኒው ስትዞር ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች። ወደ ጎን መንሸራተት አትችልም። ስለዚህ ሪሞቱ ሦስት ትእዛዝ ብቻ አለው፦ በግራ እጅ መውጣትና መውረድ፣ በቀኝ እጅ መዞር፣ በቀኝ እጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ። ሻጩ ይህን ሦስት ቻናል ይለዋል። በመሐሉ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ሄሊኮፕተሯ ማንም ሳይነካት በራሷ ስትዞር ማቆሚያ ናት። ይህችን ቁልፍ የማያውቅ አብራሪ ዕቃው ብልሹ ነው ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ባለሱቁ ቁልፏን በአውራ ጣቱ ሩብ ዙር ያዞርና ዕቃውን ይመልስለታል፤ ክርክሩ ግን ይቀጥላል።

ርካሾቹ ሄሊኮፕተሮች ትእዛዝ የሚቀበሉት በኢንፍራሬድ፣ ማለትም የቴሌቪዥን ሪሞት በሚጠቀምበት በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ከአሥር ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ዕንቅፋትም አያልፍም። ትልቁ ጠላቱ ፀሐይ ናት። የፀሐይ ብርሃን ራሱ በኢንፍራሬድ የተሞላ በመሆኑ፣ የካርቲየ ሰባት ቀትር የሪሞቱን ድምፅ ውጦ ያስቀረዋል። ጥላ ውስጥ የታዘዘች ሄሊኮፕተር ፀሐይ ውስጥ ስትገባ ጆሮዋ ይደፈናል። ስለዚህ በግቢ የበረራ ሰዓት የሚጀምረው ከመግሪብ አዛን ወዲህ ነው። ሪሞቱ ላይ ኤ እና ቢ የሚል መምረጫ ካለ ሁለት ሄሊኮፕተሮች ባንድ ክፍል ሊበሩ ይችላሉ። ሁለቱም ኤ ላይ ከሆኑ ግን አንዱ ሲያነሣ የሌላው ትነሣለች፣ አንዱ ሲያወርድ የሌላው ትወድቃለች፤ የአጎት ልጆች ጠብም ከዚህ ይጀምራል።

በአየር ረገድ ካርቲየ ሰባት የታደለ ሰፈር ነው። ክንፍ የሚያነሣው አየር ገፍቶ ስለሆነ፣ አየሩ በወፈረ ቁጥር ማንሣቱ ይቀላል። ባሕር ወለል ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ በመጠነኛ ቅዝቃዜ እንኳ፣ ከ0.92 ብዙ አይርቅም። አንዲት ሄሊኮፕተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ወርዳ ካርቲየ ሰባት ስትቀር፣ የኮንቴይነር ጓደኛዋ መርካቶ ወጥታ ይበልጥ በሳሳ አየር ክንፏን አፍጥና ማሽከርከር ይኖርባታል። ደጋው የሚኮራበት ነፋሻ አየር ለሳንባ እንጂ ለአሻንጉሊት አይመችም።

ይህ ሁሉ ዕድል ግን ንፋስ ሲመጣ ያበቃል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከምሲን የሚባለው ሞቃት ንፋስ አሸዋ ይዞ ይነፍሳል። አርባ ግራም ዕቃ ለንፋስ ተሳፋሪ ናት፤ ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ ያዞረ አብራሪ ሄሊኮፕተሯ አፍንጫዋን ወደ ፊት እያሳየች ወደ ኋላ ስትሄድ ይታዘባል። አሸዋው ደግሞ በጥርሳም መንኮራኩሮቹ መካከል ይገባና ይፈጫል። ስለዚህ በግቢ ማብረር የሚቻለው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ደግ ወራት፣ ያውም መጋረጃ በማይነቃነቅበት ምሽት ነው። ሌላው ጊዜ ቤት ውስጥ ነው።

ቤቱ ግን የተሠራው ለሰው ነው። ከጥንት ጀምሮ በጣውላና በቆርቆሮ የቆመው የካርቲየ ቤት ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይም ማራገቢያ ይሽከረከራል። ማራገቢያው የጀማሪ አብራሪ የመጀመሪያ ፈተና ነው። ከጠፋ ሰው ይበስላል፤ ከበራ ሄሊኮፕተሯ ትበተናለች። ጉዳዩ በቤተሰብ ጉባኤ ይታያል። እናት ማራገቢያውን ትደግፋለች፣ ልጆች ሄሊኮፕተሯን፤ አባት ደግሞ ሁለቱንም ይደግፍና በቤቱ ጥግ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ የአየር ክልል ተከልሎ ይሰጠዋል። ከዚያ ያለፈ ሁሉ በማራገቢያው ይመታል።

ጣሪያውም የራሱ ተንኮል አለው። ሄሊኮፕተሯ ወደ ጣሪያ ስትጠጋ ክንፎቿ በመካከሉ ያለውን አየር ይመጥጡና ወደ ላይ ይስቧታል፤ አንዴ ከተለጠፈች አብራሪው ሲደነግጥ ኃይል ይጨምራል፣ ኃይል ሲጨምር ይበልጥ ትለጠፋለች። ወለሉ በተቃራኒው ነው፤ ክንፎቹ ወደ ታች የሚገፉት አየር መሬት መትቶ ስለሚመለስ ከወለሉ እስከ አንድ ስንዝር ከፍታ ድረስ ሄሊኮፕተሯ ትንገዳገዳለች። ስለዚህ የሚመከረው ሳይፈሩ በፍጥነት እስከ ጉልበት ማስነሣት ነው። ጀማሪ ግን ዝቅ ብትል የማትጎዳ ይመስለውና ወለሉ ላይ ያንፏቅቃታል፤ ጫማ፣ ጀበና፣ የወንበር እግር፣ አንዳንዴም አያት እየገጨች ትሄዳለች።

ምርጡ ማረፊያ የጫት መቃሚያው ክፍል፣ መብረዙ፣ ነው። ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ ጫት ገብቶ ከተማው ሲረጋጋ፣ ወለሉ በፍራሽና በትራስ የተሞላው ክፍል ለወደቀ ዕቃ የተዘጋጀ ይሆናል። ችግሩ ሰዎቹ ናቸው። በርጫው ሲጀመር ሄሊኮፕተሯ የልጅ መጫወቻ ናት፤ ምርቃናው ሲመጣ የአቪዬሽን ጥያቄ ትሆናለች። አንዱ ክንፏ አጭር ነው ይላል፤ ሌላው ጅራቷ ከብዷል ብሎ ክብሪት ያስራል፤ ሦስተኛው በውትድርና ዘመኑ ያያቸውን እየጠቀሰ ከክንፎቹ አንዱ ትርፍ እንደሆነ ያስረዳል። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሁሉም መሐንዲስ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ማንም ሪሞቱን የት እንዳስቀመጠ አያስታውስም።

ባትሪዋ 3.7 ቮልትና 150 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ናት። ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ታስበርራለች፤ ለመሙላት ከአርባ እስከ ሃምሳ ደቂቃ ትወስዳለች። አብራሪው ስምንት ደቂቃ አብርሮ ሃምሳ ደቂቃ ሲጠብቅ፣ በመካከሉ ስለ ሄሊኮፕተር ማውራት ይችላልና የትምህርቱ የሚበዛው እጅ በወሬ ይጠናቀቃል። የኤሌክትሪክ ወጪዋ ኢምንት ነው፤ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ ልትሞላ ትችላለች። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ኃይል ከኢትዮጵያ በመስመር ታስመጣለች፤ ከዚያ መስመር ለሙሉ አንድ በረራ የሚበቃው ጉልበት፣ ማራገቢያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ያዞራል። በጉልበት ረገድ የሁለቱ ፍልሚያ ከመጀመሪያው ያልተመጣጠነ ነበር።

የባትሪዋ እውነተኛ ጠላት ሙቀት ነው። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ እንድትደረግ አይመከርም፤ የካርቲየ ሰባት ሐምሌ ደግሞ በጥላ ውስጥ እንኳ እዚያው አካባቢ ይውላል። ከበረራ የወረደች ባትሪ በራሷም ትሞቃለች። ስለዚህ ሩብ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ቻርጅ ማድረግ፣ ቻርጅ ላይ እያለችም ከቤት አለመውጣት ደንብ ነው። ያበጠች ባትሪ ወዲያው ትጣላለች። ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት እርጥበት ስለሚያመጣ አይደረግም፤ ይህን ደንብ ግን ሰፈሩ አልተቀበለውም፤ ሄሊኮፕተሯ ከቲማቲሙ ጎን አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙራ ተኝታ የምትገኝበት ቤት አለ።

ትምህርቱ በደረጃ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። አንደኛው ደረጃ ጅራቷን ወደ አብራሪው አድርጎ ማስነሣትና በጉልበት ከፍታ ማቆየት ብቻ ነው። ሁለተኛው ባለችበት ሳትሄድ መዞር ነው። ሦስተኛው ወደ ፊት ሄዶ ማቆም ነው፤ ለማቆም ወደ ኋላ ጥቂት መንካት ያስፈልጋል፤ ለቀቅ ማድረግ ብቻ አያቆማትም። አራተኛውና ከባዱ አፍንጫዋ ወደ አብራሪው ሲዞር ነው። ያን ጊዜ የእሷ ቀኝ የእሱ ግራ ይሆናል፤ ወደ ፊት ሲያዛት ወደ እሱ ትመጣለች፤ ሲፈራ ወደ ቀኝ ይነካል፣ ወደ ግራው ትዞራለች። የማረፍ ትምህርት የተለየ ደረጃ አይጠይቅም፤ ባትሪዋ ሲያልቅ በራሷ ታስተምረዋለች።

ከደረጃዎቹ ሁሉ በላይ የሆነው ደንብ አንድ ነው፦ አንድ ነገር ስትነካ ወዲያው ኃይሉን ዜሮ ማድረግ። የቆመ ክንፍ ሲወድቅ አይሰበርም፤ የሚሽከረከር ክንፍ የወንበር እግር ሲያገኝ ግን ወይ ራሱ ይሰበራል ወይ ጥርሳም መንኮራኩሩን ይሰብራል። የሰው እጅ ደግሞ ሲደነግጥ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም። ጀማሪ ግድግዳ ሲመጣ ትከሻውን ያነሣል፣ አፉን ይከፍታል፣ ሪሞቱን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ሪሞቱ ሲነሣ ሄሊኮፕተሯም የምትነሣ ይመስለዋል። ልጆች ይህን ደንብ ቶሎ ይማራሉ፣ አባቶች አይማሩም፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት የተባለውም ለልጁ ሳይሆን በተቃራኒው ሊሆን ይገባ ነበር።

ከግቢ የወጣች ሄሊኮፕተር የምትሄድባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቀን የወጣች እንደሆነ ቆርቆሮው ስለሚፋጅ እስከ ማታ ማንም አይወጣላትም፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጎረቤት ግቢ ነው። ካርቲየ ሰባት ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ አፋሩና ዐረቡ በር ለበር የሚኖሩበት ሰፈር በመሆኑ ዕቃ የማስመለሱ ሥርዓት እንደ በሩ ይለያል። ኢትዮጵያዊት ጎረቤት ቤት የሚላከው ትንሹ ልጅ ሲሆን ቃሉም የታወቀ ነው፦ «እትዬ፣ እንደምን አመሹ፤ ሄሊኮፕተራችን እርስዎ ጋ ወርዳ ነበር።» ሶማሌዋ ጎረቤት ዘንድ «ሀቦ» ብሎ ጀምሮ ጣት ወደ ሰማይ ማመልከት ይበቃል። መልሱ በሁለቱም ቤት አንድ ነው፦ መጀመሪያ እናትህ ደኅና ናት ወይ፣ ቀጥሎ ሻይ፣ ከዚያ ሄሊኮፕተሯ። ዕቃዋን የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ካገኛት ግን ድርድሩ ሻይ ሳይሆን ተራ ማብረርን ይጠይቃል።

ወደ ላይ መላኳም ገደብ አለው። ሰፈሩ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። በዚያ ዙሪያ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የጃፓን ጦሮች ሰፍረዋል፤ የፈረንሳይ ሄሊኮፕተሮች ከሰማይ አይጠፉም። አሜሪካኖች ሰው አልባ አውሮፕላኖቻቸውን በ2013 ከካምፕ ለሞኒዬ አንሥተው ከከተማው ወጣ ወዳለው ሻቤሌ አዛውረዋል፤ አየሩ ለእነሱም ጠቦ ነበር። አሥር ሜትር የማትርቀው የኢንፍራሬድ ሄሊኮፕተር ለዚህ ሁሉ ኃይል ስጋት አትሆንም። ካሜራ ያላት፣ ሩቅ የምትሄድ ድሮን ግን ሌላ ነገር ናት፤ ለጀማሪም ለሰፈሩም አትሆንም።

ጥገናዋ ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሩት ክንፎቹ፣ ማረጋጊያው ዘንግና የጅራቱ ፕሮፔለር ናቸው። አንዳንድ ሳጥን ውስጥ ትርፍ ክንፎች አሉ፤ የላይኛውና የታችኛው አቅጣጫቸው ስለሚለያይ ተቀያይረው ከተሰኩ ሞተሩ እየጮኸ አትነሣም። በሱፐር ግሉ የተጠገነ ክንፍ በአንድ ወገን ይከብድና ሄሊኮፕተሯን ያንቀጠቅጣታል፤ ስለዚህ ከመለጠፍ መቀየር ይሻላል። ዘይት ሲፈለግ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ ይበቃል፤ የምግብ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል። ጅራቱን የምትመግበው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች ሄሊኮፕተሯ መውጣት፣ መውረድና መዞር ብቻ ትችላለች፤ አንዳንድ ቤተሰብ በዚህ ሁኔታ ከሙሉው ይልቅ ደስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

አፍንጫዋን ወደ ራሱ አዙሮ በተመደበለት የአየር ክልል ውስጥ አንድ ባትሪ ሙሉ ሳይገጭ የጨረሰ ሰው ጀማሪ አይባልም። ቀጣዩ ዕቃ አንድ ጥንድ ክንፍ ብቻ ያላት፣ አራት ቻናል የምትቀበል፣ ወደ ጎንም የምትንሸራተት ሄሊኮፕተር ናት፤ የደብልዩኤል ቶይስ ቪ911 ከእነዚህ አንዷ ናት። ትእዛዝ የምትቀበለው በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ ሬዲዮ ስለሆነ ፀሐይ አያደነቁራትም፤ የምትረጋጋው ግን ባነሰ መጠን ስለሆነ ተማሪው ትምህርቱን ከወለሉ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ በላይ የክንፋቸው ዘንበልታ የሚለወጥ፣ ተገልብጠው የሚበሩ አሉ፤ እነዚያ ዋጋቸው በደመወዝ ይቆጠራል። በካርቲየ ሰባት ልማድ አራት ቻናሏ የምትገዛው በልጁ የልደት ቀን ነው። አሮጌዋ ለልጁ ትሰጣለች፤ ጅራቷ የማይሠራ ከሆነም ኳስ ይገዛለታል።